አንድ ሳምንት ከአንደኛ ክፍል ልጆች ጋር



በዚህ ሳምንት ወደ ከፋ እንወስዳችኋለን። መኪና አያስፈልጋችሁም። ዓይናችሁና ይህች ወረቀት ይበቃሉ።

ከእናንተ መካከል ልጆቻችሁን ትምህርት ቤት የምትልኩ ብዙ ናችሁ። ጠዋት ልጁ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ቀትር ላይ ርቦት ይመለሳል። በመካከሉ ምን ሲያደርግ ዋለ? እኛም ይህን ለማየት ፈለግን። ስለዚህ በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ሁለት ሆነን ተነሣን። ከሰኞ እስከ ዓርብ አንደኛ ክፍል ተቀመጥን። ያየነውን እነሆ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ በማለዳ ወጣን። ወልቂጤን አለፍን። የግቤን ወንዝ ተሻገርን። ማታ ጅማ ገባን። ይህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በማግሥቱ፣ እሑድ፣ ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ አቀናን። መንገዱ ወደ ጎጀብ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። እዚያ ቆላ ነው፤ ያልባል። ጎጀብ የጅማንና የከፋን አገር ይለያል። ውኃው ሄዶ ሄዶ ኦሞ ይገባል። ድልድዩን ስንሻገር ከፋ ደረስን።

ከዚያ ወዲያ ሽቅብ ነው። አየሩ ይቀዘቅዛል። ደኑ እየቀረበ ይመጣል። በየደጁ እንሰት ቆሟል። እንሰት ሙዝ ይመስላል፤ ፍሬው ግን አይበላም። የሚበላው ግንዱና ሥሩ ነው። ቆጮ የሚሆነው እሱ ነው። ከጅማ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ቦንጋ ገባን።

ቦንጋ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የከፋ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲቋቋም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። የብሔራዊ ቡና ሙዚየምም እዚያ ነው። ሙዚየም ማለት የጥንት ወይም የተለየ ነገር ተጠብቆ ለሕዝብ የሚታይበት ቤት ነው።

በከፋ ቡና በደን ውስጥ ራሱ ይበቅላል። ማንም አልተከለውም። ከትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይቆማል። ከቦንጋ አጠገብ ማንኪራ የሚባል ደን አለ። የአካባቢው ሰው ቡና መጀመሪያ የተገኘው እዚያ ነው ይላል። ዓለም ቡናን የሚጠራበት ስምም «ከፋ» ከሚለው መጣ የሚሉ ብዙ ናቸው። ከዐረብኛው «ቀህዋ» መጣ የሚሉም አሉ። የከፋን ደን ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በዓለም ከሚጠበቁ ቦታዎች መካከል መዝግቦታል።

እኛ የሄድንበት ትምህርት ቤት ግን ከተማ ውስጥ አይደለም። ከቦንጋ ወጣ ብሎ፣ ደኑ ጥግ፣ ገጠር ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው።

ሰኞ፦ ማን? ምን? የት? መቼ?

ክፍሉ ውስጥ ስልሳ የሚጠጉ ልጆች አሉ። በአንድ አግዳሚ አራት ሆነው ይቀመጣሉ። እኛን ሲያዩ ብድግ ብለው ሰላምታ ሰጡን። አልገባንም። ምክንያቱም ትምህርቱ በካፊኖኖ ነው።

ካፊኖኖ የከፋ ሕዝብ ቋንቋ ነው። «ኖኖ» ማለት አፍ ማለት ነው። እኛም በአማርኛ «አፍ መፍቻ ቋንቋ» እንል የለ? ይኸው ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። ስለዚህ የከፋ ልጅ መቁጠር የሚጀምረው እናቱ በምትናገረው ቋንቋ ነው። እኛ ግን መምህርቷ እያስተረጎመችልን ከኋላ ተቀመጥን። ጎረምሳ ሆነን አንደኛ ክፍል ገባን ማለት ነው። ልጆቹ ሳቁብን፤ እኛም ሳቅን።

መምህርቷ በየጠዋቱ አንድ ነገር ታደርጋለች። ልጆቹን «ዛሬ ምን አዲስ ነገር አለ?» ትላቸዋለች። ልጅ እጁን ያወጣል። ይነሣል። ይናገራል። እሷ ደግሞ አሳጥራ በጥቁር ሰሌዳው ላይ ትጽፈዋለች። ከዚያ ሁሉም አብረው ያነቡታል። ልጆቹ ገና ሁሉንም ፊደል አያውቁም። ቃሉን ግን ያውቁታል፤ የራሳቸው ነዋ!

አንዷ ተነሥታ፣ «ላማችን ወለደች» አለች።

መምህርቷ ጠየቀቻት። «መቼ?»

«ትናንት ማታ።»

«የት?»

«ቤት ውስጥ። ጥጃዋ ግንባሯ ነጭ ነው።»

ይህ ተጻፈ። ቀጥሎ አንድ ልጅ በኃይል ተነሣ። «ጅብ የጎረቤታችንን ፍየል በላ!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። መምህርቷ ዝም አሰኘቻቸውና፣ «አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?» አለችው።

ልጁ አሰበ። «ሰምቻለሁ» አለ።

እሷም ጻፈችው። ግን ከፊቱ «ተባለ» የሚል ቃል ጨመረችበት። በኋላ ለእኛ በአማርኛ እንዲህ አለችን። «ያዩት ዜና ነው። የሰሙት ወሬ ነው። ወሬውንም አልከለክላቸውም። ግን ወሬ መሆኑ ይጻፍበት።»

በዚያ ቀን አንድ ነገር አየን። በሦስተኛው አግዳሚ ላይ አራት ሳይሆን ሦስት ልጆች ተቀምጠዋል።

ማክሰኞ፦ አምስት ፍሬ፣ ዘጠኝ ዘር

ማክሰኞ ጠዋት ያ ልጅ ገና ሳይጠሩት ተነሣ። አንገቱን ደፍቶ፣ «ፍየሏ ተገኘች» አለ። ደን ውስጥ አድራ ነው የተመለሰችው። መምህርቷ አልተቆጣችም። የሰኞውን ጽሕፈት በአንድ መሥመር ሰረዘችና ከሥሩ አዲሱን ጻፈች። ሁለቱንም አስነበበቻቸው። ልጁ ቀና አለ።

ቀጥሎ ሒሳብ ሆነ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው። ልጆቹ ቀይ እሸት ቡና ከቤታቸው ይዘው እንዲመጡ ታዘው ነበር። እያንዳንዱ አምስት ፍሬ አለው። «ፈልፍሉ፤ ዘሩን ቁጠሩ» ተባሉ። አንድ የቡና ፍሬ ውስጥ ሁለት ዘር ፊት ለፊት ተጋጥመው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ሁለት፣ አራት፣ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ይሆናል። ልጆቹ ሁለት ሁለት እያሉ መቁጠር የሚማሩት እንዲህ ነው።

ክፍሉ ሁሉ «አሥር» አለ። አንዲት ልጅ ብቻ «ዘጠኝ» አለች። ጎረቤቷ «ተሳሳትሽ!» አላት። ደግማ ቆጠረች። ዘጠኝ ነው። መምህርቷ መጥታ አየች። እውነትም ዘጠኝ ነው። ከአምስቱ ፍሬ በአንዱ ውስጥ የነበረው አንድ ዘር ብቻ ነው። ዘሩም ጠፍጣፋ ፊት የለውም፤ ድቡልቡል ነው።

ቡና ለቃሚዎች ይህን ታውቁታላችሁ። አልፎ አልፎ ከሁለቱ ዘሮች አንዱ ሳያድግ ይቀራል። ያደገው ብቻውን ቦታውን ይይዝና ክብ ይሆናል። መምህርቷ ዘሩን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ልጅቷ ልክ ናት። የቆጠረችው በእጇ ያለውን ነው፤ ሌላው ሰው የሚለውን አይደለም» አለች።

በሦስተኛው አግዳሚ ላይ ግን ዛሬም ሦስት ልጆች ናቸው።

«አራተኛዋ የት ሄደች?» ብለን ጠየቅን።

አንዱ «ታማለች» አለ። ሌላው «ጅማ ሄዳለች» አለ። ሌላዋ «ትምህርት ትታለች» አለች።

መምህርቷ፣ «ማን አየ?» አለች። አንድም እጅ አልወጣም።

ረቡዕ፦ ዝናብና ባዶ ቦታ

ረቡዕ ከባድ ዝናብ ጣለ። ከፋ ዝናብ የሚበዛበት አገር ነው። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ክፍሉ ውስጥ ድምፅ አይሰማም። መምህርቷ ብትጮህ ከፊት ያሉት እንኳ አይሰሟትም። ምን አደረገች? ንግግሩን ተወችና ጠመኔ አነሣች። ቃል ትጽፋለች። ልጆቹ አይተው ያንን ነገር በእጃቸው ይጠቁማሉ። «በር» ስትጽፍ ወደ በሩ ይጠቁማሉ። «ጆሮ» ስትጽፍ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ሩብ ሰዓት ያህል ማንም ሳይናገር ትምህርቱ ቀጠለ። ጆሮ ሥራ ሲፈታ ዓይን ሠራ። ጽሕፈት ምን እንደሚጠቅም በዚያ ዝናብ ውስጥ ተረዳን።

ከትምህርት በኋላ ዝናቡ አባራ። መምህርቷ ወደ ልጅቷ ቤት ልትሄድ ተነሣች። እኛም ተከተልን። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው።

ቤቱ እንሰት መካከል ነው። ልጅቷን ደጅ አገኘናት። አልታመመችም፤ ጅማም አልሄደችም። እጇ በቡና ፍሬ ጭማቂ ተለብጧል። ሰባት ዓመቷ ነው። መምህርቷን ስታይ ቅርጫቱን ጥላ ወደ ቤት ሮጠች።

አያትዮው ወጡ። እንግባ ተባልን። ቡና ተፈላ፤ ቆጮና ማር ቀረበ። እናትዮዋ አራስ ናት። ልጇ ገና ሳምንት አልሞላውም። ነገሩ ያኔ ገባን።

አያትዮው እንዲህ አሉ። «ልጆቼ፣ እኔ ትምህርት አልጠላም። ግን ቀይ ቡና አይጠብቅም። ከቆየ ይደርቃል፤ ይረግፋል። ሁሉም ባንድ ቀን አይቀላም፤ ሦስት አራት ጊዜ እየተመለስክ ትለቅማለህ። እናቲቱ ተኝታለች። እኔ ብቻዬን ነኝ። ፊደልስ የት ይሄዳል? ይጠብቃታል።»

እውነታቸውን ነው። ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት ቡና ደርቆና ተፈልፍሎ አንድ ኪሎ ያህል ብቻ ይወጣዋል። የረገፈ ቅርጫት ቀላል ጉዳት አይደለም። የዓመቱ ጨው፣ ልብስና ደብተር የሚገዛው ከዚያ ነው።

መምህርቷም አልተሟገተቻቸውም። ደብተር ከፍታ አሳየቻቸው። «አባባ፣ በዚህ ሳምንት ይህችን፣ ይህችንና ይህችን ፊደል ተማርን። እሷ አልነበረችም። በሚመጣው ሳምንት እነዚህ ፊደሎች ቃል ውስጥ ይመጡባታል። ቃሉን ማንበብ ያቅታታል። ከዚያ ታፍራለች። ያፈረ ልጅ ደግሞ ራሱ ይቀራል። እኔ የምፈራው ይህን ነው።»

አያትዮው ደብተሩን ተቀብለው ተመለከቱ። ገጹን አገላብጠው መለሱላት። «እኔ ይህን ማንበብ አልችልም። እኔ ፊደል አውቃለሁ። ይህ ግን የፈረንጅ ነው» አሉ።

ሁለት ፊደል፣ አንድ ቃል

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ የተጀመረው ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. ነው። ዘመቻው እየሰፋ ሲሄድ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ማስተማሪያ ተዘጋጀ። ከእነሱ አንዱ የከፋና የሞቻ ቋንቋ ነበር። ሁሉም የተጻፉት አማርኛ በሚጻፍበት በግዕዝ ፊደል ነው። ዘመቻው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1980 ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝቷል።

አያትዮው ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ማታ ማታ በኩራዝ ተማሩ። በገዛ ቋንቋቸው፣ በግዕዝ ፊደል ማንበብ ቻሉ። መጽሐፋቸውን ከጣራው ሥር ከተሰቀለ ከረጢት አውጥተው አሳዩን። ጢስ አጥቁሮታል፤ ይነበባል ግን።

ከዚያ በኋላ ካፊኖኖ በላቲን ፊደል መጻፍ ጀመረ። ላቲን እንግሊዝኛ የሚጻፍበት ፊደል ነው። ለምን ተለወጠ? ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በካፊኖኖ አንድ ድምፅ አጥሮ ወይም ረዝሞ ሲነገር የቃሉ ትርጉም ሊለወጥ ይችላል። በላቲን አናባቢውን ሁለት ጊዜ በመጻፍ ርዝመቱን ማሳየት ይቻላል። በእኛ ፊደል ግን አጭሩም ረዥሙም አንድ ዓይነት ይጻፋል።

እንግዲህ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት አንባቢዎች አሉ። አያት የልጅ ልጃቸውን ደብተር ማንበብ አይችሉም። የልጅ ልጅም የአያቷን መጽሐፍ ማንበብ አትችልም። ቋንቋቸው ግን አንድ ነው።

መምህርቷ ልጅቷን ጠራችና፣ «ቡናን ጻፊ» አለቻት። በካፊኖኖ ቡና «ቡኖ» ነው። ልጅቷ በከሰል ቁራጭ በእንጨት ላይ በላቲን ጻፈች። አያትዮው ደግሞ ከሥሩ በግዕዝ ጻፉ፦ ቡኖ። የእሳቸው ሁለት ሆሄ ብቻ ነው። የእሷ ረዘመ። ለምን? «ቡ» ስንል ሁለት ድምፅ በአንድ ሆሄ ውስጥ አለ። በላቲን እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው ይጻፋል።

ልጅቷ የራሷን አነበበች፤ «ቡኖ»። አያትዮው የራሳቸውን አነበቡ፤ «ቡኖ»። እንደገና ወደ ሁለቱ ጽሕፈት ተመለከቱ። «እንዴ! የኔው ቃል ነው ለካ!» አሉ።

ስምምነቱ ይህ ሆነ። ልጅቷ ጠዋት ትማራለች። ቀትር ስትመለስ ትለቅማለች። ቅዳሜ ጎረቤት በደቦ ይገባል። መምህርቷም ከሦስተኛው አግዳሚ ልጆች ወላጆች ጋር ስለ ደቦው እንደምትነጋገር ቃል ገባች።

ሐሙስ፦ አራት ሆኑ

ሐሙስ ጠዋት በሦስተኛው አግዳሚ ላይ አራት ልጆች ተቀመጡ። ማንም አላጨበጨበም። አንዷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ በቃ።

በዜና ሰዓት መምህርቷ ያለፈውን ወሬ አነሣች። «ታማለች ያለ ማን ነበር? ጅማ ሄዳለች ያለስ?» ልጆቹ ተሳሳቁ። «አሁን ራሷን እንጠይቃት» አለች። ልጅቷ ተነሥታ ቀስ ብላ፣ «ቡና እየለቀምኩ ነበር» አለች። ይህ ተጻፈ። «ተባለ» የሚል ቃል አልተጨመረበትም።

ፊደሎቹ ግን አስቸገሯት። ሦስት ቀን ቀርታለች። ሌሎቹ የሚያነቡትን እሷ በዓይኗ ብቻ ተከተለች። አንድ ጊዜ ፊቷን በደብተሯ ሸፈነች። ያቺ ዘጠኝ ዘር የቆጠረችው ልጅ ከፊቷ ነበረች። ዞር ብላ በጣቷ እያመለከተች አንድ በአንድ አሳየቻት። በዕረፍት ሰዓትም ሁለቱ አልወጡም።

ከፊት ለፊት ባለው ዛፍ ላይ ጉሬዛዎች መጥተው ነበር። ሌሎቹ ልጆች ይህን ሊያዩ ሮጡ። የዓርቡ ዜና በዚሁ ተገኘ።

ዓርብ፦ የወላጆች ቀን

ዓርብ የሳምንቱ ዜናዎች በትልቅ ወረቀት ላይ ተጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ወላጅ መጥቶ ማየት ይችላል። ብዙ አይመጡም፤ ጊዜው የሥራ ነው። ዛሬ ሰባት ሰዎች መጡ። ከእነሱ አንዱ አያትዮው ናቸው። ዱላቸውን በር ላይ አቁመው ገቡ።

ልጆቹ ተራ በተራ አነበቡ። ላሟ መውለዷን አነበቡ። ፍየሏ መገኘቷን አነበቡ። ጉሬዛዎቹን አነበቡ። በመጨረሻ ያቺ ልጅ ተጠራች። የእሷ ዜና አጭር ነበር። «ወንድም ተወለደልኝ» ይላል። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። መካከሉ ላይ ቆመች። ክፍሉም ዝም አለ። ጓደኛዋ ልትነግራት ስትል መምህርቷ በእጇ ከለከለቻት። ልጅቷ ከመጀመሪያው ጀመረች። በሁለተኛው ጨረሰችው።

መምህርቷ ለአያትዮው ጠመኔ ሰጠቻቸው። «አባባ፣ ይህንኑ እርስዎ በሚያውቁት ይጻፉልን» አለቻቸው። እሳቸውም ወደ ሰሌዳው ቀረቡ። ጠመኔው ሁለት ጊዜ ተሰበረባቸው። ብዙ ዓመት አልጻፉም። ከልጅቷ መሥመር ሥር በግዕዝ ፊደል ያንኑ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ልጆቹ ከአግዳሚው ተነሥተው ተጠጉ። ይህን ፊደል ገና አልጀመሩትም። አንዱ ልጅ፣ «ይህ ምን ይላል?» አለ።

አያትዮውም፣ «የእሷን ነው የሚለው» አሉ።

ሲወጡ ስለ ቡናው ጠየቅናቸው። «ሁለት ቅርጫት ረገፈብኝ» አሉን። አልደበቁም። ትንሽ ሄደው ግን ተመለሱና፣ «ነገ ደቦ አለ። ሰኞ ትመጣለች» አሉ።

ስንመለስ

ቅዳሜ ወደ ጅማ መልስ ተጓዝን። በየመንገዱ ዳር ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቷል። ቀዩ ወደ ጥቁር እየተለወጠ ነው። ጎጀብን ስንሻገር ከእኛ አንዱ ማስታወሻውን አወጣ። በዚያ ሳምንት የተማርነውን ቆጠርን። ሁለት የካፊኖኖ ቃል፦ «ኖኖ»ና «ቡኖ»። አንድ የሒሳብ ነገር፦ አምስት ፍሬ ሁልጊዜ አሥር ዘር አይሆንም። አንድ የዜና ነገር፦ ያየነውንና የሰማነውን ለይቶ መጻፍ። ይህ የጻፍንላችሁ ያየነው ነው።

እስቲ ተወያዩበት

1. በእናንተ መንደር በአዝመራ ጊዜ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆች አሉ? የሚቀሩት ለምንድን ነው?

2. አያትዮው «ፊደል ይጠብቃታል» አሉ። መምህርቷ ምን መለሰች? እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?

3. በዚህ ሳምንት ከሰማችሁት ነገር አንዱን ምረጡ። ማን? ምን? የት? መቼ? ብላችሁ ጠይቁ። ያያችሁት ነው ወይስ የሰማችሁት?

4. ዛሬ ማታ ልጃችሁን ደብተሩን አምጣ በሉት። አንድ ቃል ያንብብላችሁ። እናንተም አንድ ቃል ጻፉለት።